የመጨረሻውን ትዕይንት ማን ቆረጠው?

ኦክቶበር 14፣ 2020። ረቡዕ ጠዋት

አጠብኩት፤ አለበስኩት። ግራ እጁን እጅጌው ውስጥ ሳስገባ እንደ ልማዱ ተሳደበ። በጀርመንኛ። ስትሮኩ እንግሊዝኛውን ግማሽ በግማሽ ወስዶበታል፤ ከእኔ የለቃቀማትን አማርኛ ደግሞ ሙልጭ። ስድቡን ግን አልነካበትም። ኦትሚሉን ጥቂት ቀመሰ፤ የቀረው ሸሚዙ ላይ። ሌላ ሸሚዝ።

አይሆንም፤ ሰማያዊው ይምጣ አለ። ሰማያዊው ለቅዳሜ አይደል እንዴ? ይለማመድበታል። ኮሌታውን እንደ ሙሽራ አስተካከልኩለት።

ቅዳሜ በዙም ኢንተርቪው አለው። ካትሪን የምትባል ልጅ፣ ከበርሊን፤ ስለ ሕይወቱና ስለ ሥራው ዶክመንተሪ ልትሠራ። ልጅ ስልሽ አርባ ሳይሆናት አይቀርም። ይኸውልሽ ማስታወሻዬ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ከፋርማሲና ከኢንሹራንስ በቀር ስልክ ያልደወለለት ባሌ፣ ኡልሪሽ፣ የፊልም ዳይሬክተር፣ እንደገና ዳይሬክተር ሊሆን ነው። እኔ ኡሊ እለዋለሁ። አንቺ ላይ ሲደክመኝ ኡ. ብቻ።

ደስ ብሎኛል? አዎ። ታዲያ አፌን ለምን ይመረኛል?

ልጃችን ማርታ ከደብሊን ኮል አደረገች፤ የአየርላንዱ ሳይሆን እዚሁ ከተማችን ዳር ያለው። በአማርኛ ጠየቅኋት፤ በእንግሊዝኛ መለሰች። ላፕቶፑን መስኮት ፊት እንዳላደርገው፤ የአባቷ ፊት ይጨልማል። ስለ ብርሃን እኔን ታስተምረኛለች። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? እሷ የምታውቀኝ ሂልቶፕ ሰፈር ሄጄ የሰው ሽማግሌ ሳጥብ ነው። ኮሮና ሲገባ ያንን ሺፍት ተውኩ። አሁን ያለኝ ሽማግሌ አንድ ብቻ ነው።


ኦክቶበር 17። ቅዳሜ

ዙሙ አለቀ። እሱ ተኝቷል።

ላፕቶፑን መጻሕፍት ቆልዬ ላዩ ላይ አስቀመጥኩት። ኡ. ወንበሩ ላይ፤ እኔ ካሜራው ከማያየው በኩል፣ በርጩማ ላይ፣ ውሃውን ከነስትሮው ይዤ። ካትሪን ብቅ አለች። አጭር ጸጉር፣ ትልቅ መነጽር። ትሑት። አንቱ ትለዋለች። ቀና አለ! ትናንት ማንኪያ ያቃተው ሰው ነው ይሄ? አንድ ቃል አልጠፋበትም። ጀርመንኛው እንደ ውሃ ይወርዳል።

ከልጅነቱ ጀመረ። ሃምቡርግ፣ ጦርነቱ እንዳለቀ፣ ፍርስራሽ ለፍርስራሽ። አባት አልተመለሰም። እናቱ ሲኒማ ቤት ታጸዳለች። እሱ ከሸራው ጀርባ ተቀምጦ ፊልሙን በግልባጩ ያያል፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ። ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ዛሬም ወደድኩት። ከዚያ የመጀመሪያው ፊልም፤ ማንም ያላየው። ሁለተኛው፤ ጥቂት ሰው ያየው። ሦስተኛው፣ ያ የወንዙ ፊልም። ሽልማት፣ ፎቶ፣ እጅ መሳም። ካትሪን ገና ተማሪ ሳለች ያንን አይታ ነው ፊልም እሠራለሁ ብላ የተነሳችው። ቅጂው ታድሶ እንደገና ሲኒማ ቤት ሊገባ ነው አለች። ኡሊ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

መጨረሻ ላይ ጥላ አስቸገራት። «ይቅርታ፣ መብራቱን ትንሽ ወደ ግራ ያደርጉልኛል?» አለች፤ እኔን መሆኑ ነው። አደረግሁ። አመሰገነችኝ። ወደ እሱ ዞራ ደግሞ፦

«አስታማሚዎ ጀርመንኛም ይችላሉ። ዕድለኛ ነዎት» አለችው።

ጠበቅሁ። ማስታወሻዬ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

«አዎ» አለ ኡሊ። «በጣም ዕድለኛ ነኝ።»


ኦክቶበር 25። እሑድ

ቸርች በዩቲዩብ። ኡ. እያንኮራፋ፤ እኔ ግማሹን እየሰማሁ።

ከሰዓት እትዬ ብርሃኔ መጡ። እዚሁ ፎረስት ፓርክ፣ ከእኛ በታች ያለው መንገድ ላይ ናቸው። ምግቡን በር ላይ አስቀምጠው፣ ማስካቸውን እንዳደረጉ ሣሩ ላይ ቆሙ። «ባልሽ በጀርመን ቴሌቪዥን ሊወጣ ነው አሉ! ጌታ ይመስገን! አንቺስ አብረሽ ትወጫለሽ?» እኔ መብራት ያዥ ነኝ አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ያልነገርኳቸውን ላንቺ ልንገርሽ።

ምሥራቅ ጀርመን የሄድኩት በስኮላርሺፕ ነው፤ በደርግ ጊዜ። ጓደኞቼ እርሻ፣ ምሕንድስና። እኔ ፊልም መቁረጥ። ዘመዶቼ ልብስ ስፌት መስሏቸው «ተመልሰሽ ሱቅ ትከፍቻለሽ» ይሉኝ ነበር። አልተመለስኩም። ወደ ምዕራብ በርሊን ተሻገርኩና ጥገኝነት ጠየቅሁ። የሥራ ፈቃድ የለም። አንድ ሰው አፏን ዘግታ ቶሎ ቶሎ የምትቆርጥ ልጅ ይፈልጋል ተባለ። ሄድኩ። ምድር ቤት፣ መጋረጃ የተዘጋበት ክፍል፣ ጠረጴዛ፣ የሚሽከረከሩ የፊልም ጥቅልሎች። ረጅም ሰውዬ፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተቀደደ። ወንበር ሳበልኝ። ሲናገር ሳይሆን ስናገር ነበር የሚያየኝ። እስከዚያ ቀን ጀርመን አገር ስናገር ያየኝ ሰው አልነበረም።

ኡሊ ማለት ያ ሰው ነበር። ይኸው እንግዲህ።


ኖቬምበር 7። ቅዳሜ

በችኮላ ስለምጽፍ ጽሕፈቴ አይነበብ ይሆናል። ይሁን።

ዛሬ ካትሪን ስለ መጨረሻው ትዕይንት ጠየቀችው። ፊልሙን የማታውቂው ከሆነ፦ አንዲት እናት፣ ወንዝ ዳር። ልጇ ድንበር ተሻግሮ ጠፍቷል። ዓመታት። በመጨረሻ ይመጣል። እሷ ደጃፏ ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ድንች ትልጣለች። ኮቴ ይሰማል። ቢላዋው ይቆማል። አለቀ። ፊቷን አናይም። ስለዚያች ያልታየች ፊት ስንት ተጻፈ! ት/ቤት ያስተምሩበታል።

ኡሊ ጉሮሮውን ጠረገ። ተዋናይቷን ቦታዋ ላይ አስቀመጥኳት አለ። ካሜራው ሲዞር አንድ ነገር ገባኝ፤ ፊቷን መቅረጽ ኃጢአት ነው፤ አቁሙ አልኩ አለ። «ሐዘን የሚታየው ከጀርባው ነው» አለ። ካትሪን ጻፈችው። ስትጽፈው አየኋት።

ውሸት። ቀርጾታል። ሙሉ ቀን ነው የቀረጸው። ሴትየዋ ትዞራለች፣ ልጇን ታያለች፣ ታለቅሳለች። እንደገና ትዞራለች፣ ታለቅሳለች። ላዩ ላይ ቫዮሊን ሊጨምርበት ነበር። ያን ሁሉ ለቅሶ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ያየሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከሰዓት እሱ ከፕሮዲዩሰሩ ጋር ሊጣላ ወጣ። ብቻዬን ነኝ። ቢላዋው ሲቆም ቆረጥኩት። የተቀረውን ቅርጫት ውስጥ።

ለምን እዚያ ላይ? ከአዲስ አበባ ስነሳ እናቴ ግቢ ውስጥ ምስር ትለቅም ነበር። ሻንጣዬን ይዤ ከኋላዋ ቆምኩ። «እማዬ፣ መሄዴ ነው» አልኳት። እጇ ቆመ። አልዞረችም። «ሂጂ፣ መኪናው እንዳይሄድብሽ» አለች። ሄድኩ። በሕይወት ሁለተኛ አላገኘኋትም። ያለኝ ጀርባዋ ነው።

ኡሊ ተመልሶ ሲያይ አበደ። ፊልሜን አበላሸሽው፣ ውጪልኝ። በማግስቱ አስጠራኝ፤ እንደገና አሳዪኝ። አየ። ለምን አለኝ። ስለ እናቴ ነገርኩት። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የወደድኩት ያን ቀን ነው።

ክሬዲቱ ላይ ግን ስሜ አይወጣም አለ፤ ያለ ፈቃድ መሥራትሽ ከታወቀ ሁለታችንም ጉድ ሆንን። እውነት ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረችውን ሚስቱን፣ የግሬታን ስም አስገባ። ያን ክፍል በእግሯ ረግጣው የማታውቅ። ወረቀትሽ ሲስተካከል እናስተካክለዋለን አለ። ወረቀቴ ተስተካከለ። ግሬታ ሄደች። ተጋባን። ማርታ ተወለደች። አሜሪካ መጣን።

እና ዛሬ «ሐዘን የሚታየው ከጀርባው ነው»። በእናቴ ጀርባ።


ኖቬምበር 8። እሑድ

ቁርሱን አብልቼ ስጨርስ ነገርኩት። አልጮህኩም።

«ትናንት ያልከው ልክ አይደለም። ፊቷን ቀርጸኸዋል።»

«አውቃለሁ» አለ።

ማስታወሻዬ፣ ረስቼዋለሁ ቢል ይቅር እለው ነበር። በሽታው ነው ብዬ አልፈው ነበር። አውቃለሁ አለ።

«ታዲያ?»

ደህናውን እጁን ጉልበቱ ላይ አሸት አሸት አደረገ። «ሰው ከእኔ የሚያስታውሰው ያችን አንዲት ነገር ነው። እሷን ከሰጠሁሽ ምን ይቀረኛል?»

«ለእኔስ ምን ቀረኝ?»

«አንቺ ማርታ አለችሽ።»

የእሱ ልጅ ያልሆነች፣ ከመንገድ ያነሳኋት ይመስል።

ትክክሉን ነው ግን፤ ሌላ የለውም። አራተኛውን ፊልም ራሱ ቆረጠው፤ ሚስትና ሥራ አንድ ክፍል ውስጥ አይገቡም ብሎ። ጋዜጦቹ ቀበሩት። ከዚያ እዚህ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተማሪ። በጎን የአሜሪካ ፊልም ሊሠራ፤ የተዘጋ ፋብሪካ ታሪክ። መሃል ላይ ፕሮዲዩሰሩ ጥሎት ጠፋ። ኡሊም ከዚያ በኋላ በራሱ ላይ በር ዘጋ። ኮንትራቱ አለቀ። እኔ ጀርመንኛዬንና ዲፕሎማዬን ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ የአስታማሚነት ኮርስ ወሰድኩ። እሱ ሶፋ ላይ ሆኖ የሰው ፊልም ይተቻል። አንዳንዴ ሳልፍ «እዚህ ላይ አንቺ ብትሆኚ ትቆርጪው ነበር» ይለኝ ነበር። ይህ ይበቃታል ብሎ ነው? ያኔስ ይበቃኝ ነበር መሰለኝ።


ኖቬምበር 21። ቅዳሜ

ካትሪን ዛሬ በይቅርታ ጀመረች። ሚስቱ መሆኔን ማርታ በኢሜይል ነግራታለች። ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ደግ ልጅ ናት፣ ልጠላት አልቻልኩም። እባክዎ አጠገባቸው ይቀመጡ አለችኝ። ተቀመጥኩ። ኡሊ ደህናውን እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

«ያለ እሷ አልኖርም ነበር» አለ። «ነርሴ እሷ፣ ሹፌሬ እሷ፣ ወጥ ቤቴ እሷ።»

ቀጥሎ የሚለውን እየጠበቅሁ ነበር። ቀጥሎ ምንም አልነበረም።

አፌን ከፈትኩ። ጣቶቹ ትከሻዬን ጨመቁት፤ እየለመነኝ መሆኑ ገባኝ። ካትሪን ታየናለች። አልተናገርኩም። ሲጨርሱ እንደ ወትሮው ውሃ ሰጠሁት። «ዳንከ» ብሎ አመሰገነኝ። ተመስገን፣ ይህቺን አልረሳትም።


ጃንዋሪ 14፣ 2021። ሐሙስ

አምቡላንስ መጣ። ሳሉ ከሰኞ ጀምሮ ነበር። እኔም ያተኩሰኛል። አብሬ ልሂድ ብል አይሆንም። በሩ ላይ ቆሜ ሲያስገቡት አየሁ። ጫማውን አላደረግሁለትም፤ በካልሲ ሄደ። ኧረ በካልሲ ሄደ!


ጃንዋሪ 19። ማክሰኞ

ትናንት በታብሌት አየነው። ነርሷ ይዛልን። ማርታ በሌላ መስኮት፣ ከቤቷ። ማርታ ታወራዋለች። ዓይኑን ገለጥ አደረገ።

«ይቀረጻል?» አለ በጀርመንኛ።

«አይቀረጽም፣ ኡሊ።»

ጨፈነው።

ዛሬ ጠዋት ከሆስፒታል ደወሉ። አዎ ብዬው ቢሆንስ? ይቀረጻል ብዬው ቢሆን ኖሮ ምን ይል ነበር? ከሞቱ ይልቅ ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። እንዲህ ያለች ሴት ሆኛለሁ።


ማርች 16። ማክሰኞ

ብዙ ጊዜ አልጻፍኩብሽም። ምን ልጻፍ? ቀብሩ ላይ ጥቂት ሰው፣ በረዶ፣ ተራርቀን ቆመን። እትዬ ብርሃኔ ጸለዩ። ከእኔ ይልቅ እሳቸው አለቀሱ።

ካትሪን የጀርመን ጋዜጦችን ላከችልኝ። ታላቁ፣ ዝምተኛው፣ የማይተካው። ስለ ሕይወቱ ረጅም ጽሑፍ፤ ስለ ወንዙ ፊልም ሁለት አምድ፤ ስለ እናቲቱ ጀርባ ከዚያም በላይ። መጨረሻው ላይ፦ «በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት ኢትዮጵያዊት ባለቤቱ አስታማዋለች»። በመጨረሻ ዓመታት! ማርታ ስልክ ላይ ናት፤ ትርጉሙን ንገሪኝ ትላለች። ነገርኳት። «ዛትስ ናይስ» አለች።


ዲሴምበር 4። ቅዳሜ

ድንበር ተከፈተ፤ ካትሪን ካሜራማን ይዛ መጣች። በአካል ስትታይ ታንሳለች። አቀፈችኝ። ቤቱን ለመቅረጽ ፈቃድ ጠየቀች። ሳሎኑን ገለባበጡት፤ የኡሊን ወንበር ወደ መስኮት፣ አበባዬን ወደ ኮሪደር። እኔን እሱ ወንበር ላይ።

ስለ እሱ ይንገሩን አለች። ነገርኩ። ስለ ፍርስራሹ፣ ስለ ሸራው ጀርባ። ከዚያ ስለ መጨረሻው ትዕይንት ጠየቀችኝ። በቀጥታ፣ ምንም ሳታውቅ። «እርስዎ ያኔ ያውቋቸው ነበር?»

ወጣ። ሁሉም ወጣ። ቅርጫቱ፣ ምላጩ፣ ምስሩ፣ እናቴ። እንዲህ ያማረ ጀርመንኛ ከአፌ ከወጣ ስንት ጊዜው! አላለቀስኩም። ካሜራማኑ ዓይኑን ከካሜራው አነሳና በዓይኑ አየኝ።

ካትሪን ብዕሯን አስቀመጠች። ካሜራው ይጥፋ አለች። ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ፕሮዲዩሰሩ ሞቷል። ቅርጫቱ ቆሻሻ ሆኖ ሄዷል። ግሬታ በሕይወት አለች፤ ካትሪን አናግራታለች፤ «ጊዜው ራቀ፣ አላስታውስም» ነው መልሷ።

«እኔ አምንዎታለሁ» አለች ካትሪን። «የእኔ ማመን ብቻውን አይበቃም እንጂ።»

አበባዬን ወደ ቦታው መለሱልኝ። ምስጋና ይድረሳቸው።


ዲሴምበር 5። እሑድ

ማርታ ሰማች። ኮል አድርጋ ጮኸችብኝ። ማም፣ ዳድ የለም፣ መልስ ሊሰጥ አይችልም፣ እንዴት አሁን? ደጋግማ፣ እንዴት አሁን። በሕይወት እያለም ጠይቄው ነበር ልላት ፈለግሁ። ስልኩን ዘጋችው።

በዚያች አንድ ነገር ልክ ናት። መልስ ሊሰጥ አይችልም። ሲችልም አልሰጠም።


ፌብሩዋሪ 19፣ 2022። ቅዳሜ

ከየት ልጀምርልሽ?

ካትሪን ያልተጠናቀቀውን ቅጂ ላከች። ፈቃዳችን ያስፈልጋታል፤ የቤቱ ምስል አለበት፣ የቤተሰብ ፎቶ አለበት፣ እኔ አለሁበት። ማርታ ከደብሊን መጣች፤ ከገና ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እንደ እንግዳ።

ጥሩ ፊልም ነው። ልዋሽሽ አልችልም፤ ልጅቷ ሥራዋን ታውቃለች። ኡሊ ያምራል። ከዚያ እኔ መጣሁ። መጋረጃ እከፍታለሁ። ብርጭቆ አጥባለሁ። በመስኮት አያለሁ። ድምፅ የለኝም። የምትተርከው ሴት «ለእሱ ስትል ሁሉን የተወች» አለች። ያ ሁሉ ጀርመንኛ፣ አንዲት ቃል የለም። ቀጥሎ የወንዙ ፊልም መጨረሻ፤ ቢላዋው ሲቆም የኡሊ ድምፅ፦ ሐዘን የሚታየው...

ማርታ አቆመችው። ስክሪኑን እያየች፣ እኔን ሳይሆን፦

«ዳድ ነግሮኛል» አለች።

ምኑን አልኳት።

በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፤ እየተቆራረጠች። ሕፃን ሳለች ከት/ቤት ሲያመጣት፣ መኪና ውስጥ። እናትሽ ከእኔ ትበልጣለች ብሏታል። ያን ፊልም ፊልም ያደረገችው እሷ ናት፤ ግን ይህን እንደነገርኩሽ እንዳትነግሪያት። ለምን? ብላዋለች። «ዋጋዋን ካወቀች ትታኝ ትሄዳለች» ብሏታል።

ለልጅ! በመኪና! ለስምንት ዓመት ልጅ የነገረውን ለእኔ፣ ለካሜራ፣ ለዓለም...

«በዲሴምበር ስትጮኺብኝ ታውቂ ነበር?»

ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ማርታ፣ ታውቂ ነበር?»

ተነስቼ ወጣሁ። ጓሮ። ብርድ፣ ያለ ጃኬት። ወዴትም የምሄድበት የለኝም። ተከተለችኝ። ጃኬቴን ይዛ። ከዚያ በአማርኛ፣ በዚያ ከልጅነቷ ባልተነካ፣ በተሰባበረ አማርኛ፦

«እማዬ፣ ይቅርታ። ፈራሁ። እሱ ትንሽ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።»

ጃኬቱን ለበስኩ። ይቅር አላልኳትም፤ ዛሬ አይደለም። አብረን ገባን ግን።


ማርች 10። ሐሙስ

ማርታ ራሷ ካትሪንን አናግራታለች። በዙም፣ ካሜራ እያየች፣ ሁሉን ተናገረች። ስታወራ ከኋላ ቆሜ ሰማሁ። አንድም አልቀነሰች። አባቷን ግን «ፈሪ ነበር» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ።

ዛሬ መልሱ መጣ። ፕሮዲዩሰሮቹ ተሰብስበዋል፤ ጠበቃ ጠይቀዋል። የግሬታ ስም ታድሶ በወጣው ፊልም ላይ እንዳለ ይቆያል። በዶክመንተሪው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ሊጨምሩልኝ ፈቃደኛ ናቸው፦ «ቤተሰቡ እንደሚለው፣ ባለቤቱም በቆረጣው ላይ እጇ ነበረበት።»

እጇ ነበረበት። እንደ ሌባ። እጇ አለበት ተብላ እንደምትጠረጠር የቤት ሠራተኛ።

ካትሪን ከሥር ለብቻው ጽፋልኛለች፤ ከዚህ በላይ ታግዬ አልቻልኩም፣ አፍራለሁ ትላለች። ማፈሯን አምናለሁ። የእኔም ማመን ብቻውን አይበቃም።


ማርች 12። ቅዳሜ

ጻፍኩላት። በጀርመንኛ፣ አጭር። ወይ የተናገርኩት በእኔው አፍ፣ ሙሉውን ይግባ፤ ወይ እኔ ከነቤቴ ልውጣ። መጋረጃው፣ ብርጭቆው፣ መስኮቱ፣ ሁሉም። አስታማሚ ሆኜ አልገባም። እጄ ነበረበት ተብዬም አልገባም።

ማርታ አጠገቤ ናት። አንብቢልኝ አለች፣ በአማርኛ ተረጎምኩላት። ካወጡሽ ማንም አያውቅሽም አለች። አሁንስ ማን ያውቀኛል? አልኳት። ትንሽ አሰበች። የእኔንም ቃል ያውጡት፣ የሕፃንነት ፎቶዬንም፣ ብለሽ ጨምሪበት አለችኝ። ጨመርኩ። ላክሁ።


ኤፕሪል 2። ቅዳሜ

አወጡን። ካትሪን ደውላ ነገረችኝ። ፕሮዲዩሰሮቹ ብዙም አልተጨቃጨቁም አለች፤ አዝናለች። ፊልሙ በመከር ፌስቲቫል ላይ ይከፈታል። ማርታ ተጋብዛ ነበር፤ አልሄድም ብላለች። ብትሄድም አልቀየማትም ነበር፤ ይህንኑ አልኳት። አልሄድም አለች።

አሁን የማርታና የእኔ ነገር እንዲህ ነው፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ስለ ሥራዬ ትጠይቀኛለች፤ ስለዚያኛው ሥራዬ። እንዴት ነው የሚቆረጠው፣ የት ላይ እንደሚቆረጥ በምን ይታወቃል? መልሱን ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ። አንዳንዱን ቃል በጀርመንኛ እንጂ አላውቀውም። ቁጣዬ አልወጣልኝም። ሲወጣልኝ እነግርሻለሁ።

ዛሬ ከመቃብር ድንጋይ ሠሪው ደወሉ። ድንጋዩ በኮሮና ምክንያት ስንት ወር ዘገየ፤ አሁን ደርሷል፤ ምን እንጻፍበት ይላሉ። ማርታ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። ስሙን ሰጠናቸው፤ ሆሄ በሆሄ። ሌላስ?

ማርታ አየችኝ። የፊልም ዳይሬክተር ይባል ወይ? ብላ በዓይኗ።

ወንዙን የመረጠ እሱ ነው። ያቺን ሴት ድንች ይዛ ያስቀመጣት እሱ ነው። ካሜራውን ከኋላዋ የተከለው እሱ ነው፤ ጀርባዋን ባይቀርጽ ኖሮ እኔ ምኑን እቆርጠው ነበር? ዳይሬክተር ነበር። ውሸት አይደለም። ጻፉለት አልኩ።

«አባት» የሚለውንም አስጨመርን። እሱ የማርታ ነው።

ሰውየው ብዙ ጊዜ ከ«አባት» በፊት «ባል» ይጻፋል፣ ቦታም አለ አለን። ማርታ እጄን ያዘችኝ። ቦታው ባዶ ይቆይ አልኩት።